ካሜራዬን ያቀዘቀዝኩበት ታሪክ፣ ከነጥፋቱ

(በአንድ የሥነ ፈለክ አፍቃሪዎች ምሽት ላይ የተናገርኩት ነው። እንዳለ ነው ያሰፈርኩት፤ የተንተባተብኩባቸውን ቦታዎች ብቻ አውጥቻለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ! እንዴት አመሻችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። እንዲያውም ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ የማሳያችሁ ነገር ትንሽ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላብራ። ይቺን ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ታያላችሁ? ድሮ በር ስትጠብቅ የኖረች የደህንነት ካሜራ ናት። ልብሷን አውልቄያታለሁ። ከኋላዋ ያለው ትልቅ ብረት ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ሂት ሲንክ ነው፣ ሙቀት ወደ አየር የሚበትን ብረት፣ ከነፋኑ። መሀላቸው የመዳብ ቁራጭ አለ፣ መዳቡ ላይ ደግሞ ቴርሞሜትር ለጥፌያለሁ። አሁን 22 ይላል፤ ልክ እንደ ክፍሉ። ካሜራዋ ራሷ አትሠራም፣ ሞታለች። ገዳይዋ ማን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ። ማቀዝቀዣው ግን ይሠራል። ይኸው፣ አበራሁት። ክዳኗን ሆን ብዬ ነው ክፍት የተውኩት። እህቴ፣ አንቺ ከፊት ያለሽው፣ ቁጥሩን ትከታተይልኛለሽ? ስጠይቅሽ ጮክ ብለሽ ንገሪን።

እሺ። ዛሬ ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ካሜራ ማቀዝቀዝ ለምን አስፈለገ። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል። ሦስተኛ፣ ውሃ። አዎ፣ ውሃ። ከባዱ ሁለተኛው ይመስላችኋል አይደል? እኔን ያስለቀሰኝ ሦስተኛው ነው።

እንግዲህ አንደኛው። ይቺ ካሜራ ዘበኛ ነበረች ብያለሁ፤ በዘበኛ እናስበው። ሴንሰሯ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ፣ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፒክስል በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው በሉ። ሥራው አንድ ነው፤ ብርሃን ሲገባ የሚፈጠረውን ኤሌክትሮን መቁጠር። ችግሩ ሲሊከኑ ራሱ ሙቀት አለው። ሙቀት ደግሞ ምንም ብርሃን ሳይኖር ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። ዘበኛው ከውጭ የመጣውንና እዚያው ግቢ ውስጥ የተወለደውን አይለይም። ሁሉንም ይቆጥራል። የጨለማ ከረንት የሚባለው ይሄ ነው።

በቀን፣ በሰከንድ 25 ምስል ስትቀርጹ፣ ይሄ ማንንም አያሳስብም። ብርሃኑ ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው። ማታ ኔቡላ፣ በከዋክብት መሀል ያለውን ደብዛዛ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ለማየት ግን ካሜራዋ ብርሃን እንድታጠራቅም ታደርጋላችሁ። የደህንነት ካሜራዎች ይህን የሚያደርጉበት ቅንብር አላቸው፤ በሰከንድ 50 ፊልድ፣ ማለት 50 ግማሽ ምስል፣ የምትሠራ ካሜራ 256 ፊልድ ስትደርብ 5 ሰከንድ ትንሽ ያልፋል፣ 512 ከሆነ 10 ሰከንድ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከኔቡላው የሚመጣው ብርሃን ጠብ ጠብ ነው። የግቢው ልጆች ግን ሳያቋርጡ ይወለዳሉ።

እኔ ይሄ የገባኝ ተዋርጄ ነው። የመጀመሪያው ማታ ካሜራዋን ቴሌስኮፑ ላይ ሰክቼ፣ ረጅሙን ቅንብር ሳበራ፣ ላፕቶፑ ከዋክብት በከዋክብት ሆነ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ! ጮህኩ። ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ እየጎተትኩ አመጣሁት። ዓይኑን እያሸ ስክሪኑን አየ፣ ቴሌስኮፑን አየ፣ ከዚያ በቃ እንዲህ አለኝ፦ «ክዳኑን እኮ አላነሳኸውም።» እስከ ዛሬ ድረስ ሰማዩ ሲደምን ቤታችን ውስጥ «ክዳኑን ዘግተህ እይ» ይሉኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

አሁን ቁጥር። ሲሲዲ በሚባሉት ሴንሰሮች ላይ ሙቀቱ በ6 ወይም በ7 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጨለማው ከረንት በግማሽ ይወርዳል። በግማሽ! ሌላ 7 ስትቀንሱ የግማሹ ግማሽ። 28 ዲግሪ ብታወርዱ አራት ጊዜ ተገመሰ፤ ከ16 አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

«እኔ የጨለማ ፍሬም አንስቼ እቀንሰዋለሁ፣ ምን አቀዘቀዘኝ?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ክዳን ዘግቶ ያነሱትን ምስል ከዋናው ላይ መቀነስ ጥሩ ነው፤ እነዚያን ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ያጠፋል። ግን የሚቀንሰው አማካዩን ነው። አንድ ፒክስል ላይ ከሙቀት ብቻ 1,600 ኤሌክትሮን ቢጠራቀም፣ መዋዠቁ የዚያ ስኩዌር ሩት ነው፤ 40። ያ 40 በየምስሉ የተለየ ስለሆነ በመቀነስ አይጠፋም። ኖይዝ የምንለው እሱን ነው። አሁን ከኔቡላው የመጣው 20 ኤሌክትሮን ነው እንበል። 40 በሚዋዥቅበት ቦታ 20 ምን ይታያል? ምንም። ካቀዘቀዛችሁት ግን 1,600ው ወደ 100 ይወርዳል፣ መዋዠቁም ወደ 10። 20ው ብቅ አለ!

ያንኑ ምስል በመደረብ ላምጣው ካላችሁ 16 እጥፍ ምስል ትፈልጋላችሁ። የ10 ደቂቃ ሥራ 160 ደቂቃ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ኔቡላው ይጠልቅባችኋል።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም እኮ። ጄምስ ዌብ በሚባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ ሚሪ የሚባል መሣሪያ አለ። እሱ የሚሠራው ከ7 ኬልቪን በታች ነው፤ ከዜሮ በታች 266 ዲግሪ። ፀሐይ እንዳይነካው ጥላ ተሠርቶለት እንኳ አልበቃውም፣ የራሱ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። እኛ ከዜሮ በታች 6 ስናገኝ ነው የምንጨፍረው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገራችሁ። ጁፒተርን፣ ሳተርንን፣ ጨረቃን ብቻ የምትቀርጹ ከሆነ ይሄን ሁሉ ተዉት። ምስሉ የሰከንድ ሽራፊ ነው፤ ሙቀቱ ምንም ለማድረግ ጊዜ የለውም። ካሜራ በከንቱ አትግደሉ። ሲሞስ የሚባሉት አዲሶቹ ሴንሰሮችም የጨለማ ከረንታቸው በጣም ትንሽ ነው፣ ብዙዎቻችሁ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ይሄ አሮጌ ሲሲዲ ይዞ፣ ሩቅና ደብዛዛ ነገር ለሚያሳድድ ሰው ነው። እንደ እኔ ላለ ግትር።

እህቴ፣ ስንት ደረሰ? 14? ቁልፉን ትንሽ ልጨምርለት። ቀስ እያልኩ ነው የማወርደው።

ሁለተኛው። እንዴት ይሠራል?

ልቡ ይሄ ነው። ተቀባበሉት፣ አይሰበርም። ጎኑ 40 ሚሊሜትር የሆነ ነጭ ጠፍጣፋ ነገር፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ። ፔልቲየር ይባላል፣ በሰው ስም ነው። ዣን ፔልቲየር ሰዓት ሠሪ የነበረ ፈረንሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1834 ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ከረንት ሲያልፍ መጋጠሚያው ሊቀዘቅዝ እንደሚችል አየ። ፊቱ ላይ 12706 የሚል ታገኛላችሁ። 127 ጥንድ መጋጠሚያ አለው፣ እስከ 6 አምፔር ይችላል ማለት ነው።

ከዛሬው ንግግር ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ግድ የለኝም፣ ይሄን ግን ያዙልኝ። ይሄ ነገር ብርድ አይሠራም። ብርድ አይሠራም! ሙቀት ተሸካሚ ነው። ከአንዱ ፊቱ ያነሳል፣ ሌላው ፊቱ ላይ ያወርዳል። ተሸካሚ ደግሞ ያልበዋል። 12 ቮልት ስትሰጡት ወደ 50 ዋት ይበላል። ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ፣ ከቺፑ ከተነሳው ጋር ተደምሮ፣ ትኩሱ ፊት ላይ ይወርዳል። ከቺፑ የተነሳው ስንት ነው? አንድ ዋት እንኳ አይሞላም! የምትታገሉት ከካሜራዋ ሙቀት ጋር ሳይሆን ከራሱ ከተሸካሚው ሙቀት ጋር ነው። ስለዚህ ቅዝቃዜያችሁን የሚወስነው ትኩሱ ፊት ነው። ሂት ሲንኩ ደካማ ከሆነ ቀዝቃዛውም ፊት አብሮት ወደ ላይ ይጎተታል።

የመጀመሪያዬን ፔልቲየር እንዴት እንዳቃጠልኳት ልንገራችሁ። ሂት ሲንክ ሳላስር፣ እስቲ ትሠራ እንደሆነ ብዬ፣ በሁለት ጣቴ ይዤ 12 ቮልት ሰጠኋት። አውራ ጣቴ በረዶ፣ ሌባ ጣቴ እሳት። ወረወርኳት። ሽቦውን እስክነቅል ጠረጴዛው ላይ ሸተተች፣ አበቃላት። ውስጣቸው 138 ዲግሪ ላይ በሚቀልጥ ብየዳ የተሠሩ አሉ፤ ያለ ሂት ሲንክ እዚያ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅባቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ስስት ነው። ቮልት በጨመርኩ ቁጥር የሚቀዘቅዝ ይመስለኝ ነበር። እስከ አንድ ደረጃ ልክ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይገለበጣል። ምክንያቱም ከረንቱን እጥፍ ስታደርጉት የሚሸከመው ሙቀት እጥፍ ይሆናል፤ ከረንቱ ራሱ በተቃውሞ የሚፈጥረው ሙቀት ግን አራት እጥፍ። ከዚያ ሙቀት ግማሹ ወደ ቀዝቃዛው ፊት ይመለሳል። በእኔ ሂት ሲንክ፣ 12 ቮልት ላይ ከዜሮ በታች 1 ላይ ቆመብኝ። ተናድጄ ወደ 7 ቮልት አወረድኩት። ከዜሮ በታች 6 ገባ! ባትሪዬም ማታውን ሙሉ መቆየት ጀመረ።

አሁን መዳቡን እዩት። የዚህች ካሜራ ቺፕ በሁለት ጎኑ እግሮች አሉት። ከቦርዱ ነቀልኩት፣ ከሥሩ ሶኬት አድርጌ ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አደረግኩ፤ በሆዱ ሥር 3 ሚሊሜትር ክፍተት ተገኘ። በዚያ ክፍተት የመዳብ ሳንቃ አስገባሁ፣ አንዱ ጫፉ የቺፑን ሆድ ይነካል፣ ሌላው ጫፉ የፔልቲየሩን ቀዝቃዛ ፊት። መዳብ ያደረግኩት ሙቀት ከአሉሚኒየም የተሻለ ስለሚያሳልፍ ነው፣ ግን አሉሚኒየምም ቢሆን ይሠራል፣ ለመቁረጥም ይቀላል። መዳቡ የቺፑን እግሮች ቢነካ ግን ካሜራው አለቀ። ስለዚህ ጠርዙን በጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ያ የምታዩት ቀይ ደም አይደለም፤ የታናሽ እህቴ ጥፍር ቀለም ነው። አሁንም አልነገርኳትም።

በየመጋጠሚያው ቴርማል ፔስት፣ ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት፣ ስስ አድርጋችሁ። ወፍራም ሲሆን ራሱ ብርድ ልብስ ይሆናል። በቀረው የመዳቡ ገላ ዙሪያ ደግሞ ፎም ጠቅልሉበት፣ አለበለዚያ የክፍሉን አየር ነው የምታቀዘቅዙት። ብሎኖቹ ናይለን ይሁኑ። በብረት ብሎን ካሰራችሁት ብሎኑ ከትኩሱ ፊት ወደ ቀዝቃዛው የተዘረጋ ድልድይ ነው፤ በአንድ በኩል ተሸክማችሁ ያወጣችሁት ሙቀት በሌላ በኩል ተመልሶ ይገባል። እኔ ይሄን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል፣ 8 ዲግሪ የት እንደጠፋ እየፈለግኩ።

ፋኑንም አትርሱ፤ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያ ምስሎቼ ላይ ኮከቦቹ ክብ ሳይሆኑ ትናንሽ ትል ይመስሉ ነበር። የቴሌስኮፑን ሞተር ጠረጠርኩ፣ ነፋሱን ጠረጠርኩ፣ ጎረቤቴን ጠረጠርኩ። ፋኑ ነው። ብሎኖቹን አውጥቼ በለስላሳ ጎማ ሳንጠለጥለው ትሎቹ ጠፉ።

አሁን ገዳዩ። እ.ኤ.አ. በ1838 ሌንዝ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ በዚሁ በፔልቲየር ዘዴ የውሃ ጠብታ በረዶ አደረገ። ከዚያ ከረንቱን ገልብጦ ያንኑ በረዶ መልሶ አቀለጠው። ቆንጆ ሙከራ ነው። እኔም ደገምኩት፣ ሳላስበው፣ በዚህች ካሜራ ላይ። ማታ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ በጨለማ አንድ ዓይነት ናቸው! አቀያይሬ ሰካሁ። ፔልቲየሩ ሙቀቱን ከሂት ሲንኩ እያነሳ ወደ ቺፑ መሸከም ጀመረ። እኔ ምስሉ ላይ ኖይዙ እየጨመረ ሲሄድ «ዛሬ አየሩ ሞቋል» እያልኩ ነው። ስክሪኑ ነጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ይኸው አስከሬኗ። አሁን በሠራኋት ሁለተኛ ካሜራ ላይ ሶኬቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው። እባካችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄን አትዝለሉ።

እህቴ፣ ስንት ሆነ? 4! አያችሁ? አሁን ተነስታችሁ መዳቡን እዩት። ምን አለበት? አዎ። ላብ ላብ ብሎታል። እንኳን ወደ ሦስተኛው በሰላም መጣችሁ።

በዚህ ክፍል 22 ዲግሪ ነው። እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን 11 ዲግሪ አካባቢ የደረሰ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ ገና ሥራችንን ሳንጀምር ውሃ መጣ ማለት ነው። ከዜሮ በታች ሲሆን ደግሞ አመዳይ ይሆናል። ይሄ በቺፑ እግሮች መሀል ሲሆን አስቡት።

ግን እኔን መጀመሪያ ያታለለኝ በእግሮቹ መሀል አይደለም፣ መስታወቱ ላይ ነው። የኦሪዮንን ኔቡላ እየቀረጽኩ ነበር። ከእኛ 1,340 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፣ ለጀማሪ ካሜራ በጣም ቸር ነው። ከጎኑ ሌላ ደብዛዛ ክብ ነገር አየሁ። መጽሐፍ ገለጥኩ፣ የለም። ካርታ አየሁ፣ የለም። በየምስሉ እያደገ ይሄዳል! ልቤ ይመታል። አዲስ ኔቡላ? ጅራታም ኮከብ? ስም ሁሉ አውጥቼለት ነበር፣ የእናቴን ስም። ከዚያ ቴሌስኮፑን ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ኦሪዮን ሄደ፤ ያቺ ነገር እዚያው ቆመች። የቺፑ መስታወት ላይ የበቀለች የበረዶ አበባ ነበረች። እናቴ ስትሰማ «በስሜ በረዶ ሰየምክ?» ብላ ስቃ ልትሞት።

መድኃኒቱ እንግዲህ ማሸግ ነው። ቺፑንና መዳቡን አየር በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ታደርጋላችሁ፣ ከፊት ንጹሕ መስታወት። ክፍተቱን በሲሊኮን ትደፍናላችሁ፣ ግን ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተውን ዓይነት እንዳታደርጉ! ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳቡንና ቦርዱን ይበላል። የማይሸት ዓይነት አለ፣ እሱን። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ሲሊካ ጄል። አዲስ ጫማ ውስጥ የምታገኟት ከረጢት እኮ ናት። ቀለም ያላቸው ፍሬዎች ደግሞ ይናገራሉ፤ ሰማያዊ የነበሩት ሮዝ ሲሆኑ ጠግበዋል ማለት ነው፣ አውጥታችሁ በሙቀት ታደርቋቸዋላችሁ። ስታሽጉ ደረቅ ቀን ምረጡ። እኔ አንዴ ዝናብ እየዘነበ አሽጌ፣ እርጥበቱን ከነነፍሱ ውስጥ ቆልፌዋለሁ።

ሳጥኑ በደንብ ቢታሸግም ከፊት ያለው መስታወት በውጭ በኩል ጤዛ ሊይዝ ይችላል፣ ከውስጥ እየቀዘቀዘ ነውና። በዙሪያው ጥቂት ሬዚስተሮችን፣ ከረንት ሲያልፍባቸው የሚሞቁትን፣ ደርድሬ ትንሽ አሞቅኩት፣ አንድ ዋት ገደማ። ማቀዝቀዣ ሠርቶ ማሞቂያ የሚጨምርበት እብድ ማነው ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ይሠራል።

ስለ ቴርሞስታት፣ ሙቀቱን አንድ ቁጥር ላይ ስለሚያቆመው መቆጣጠሪያ፣ የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቃለሁ፣ በአጭሩ፦ አድርጉት። የጨለማ ፍሬም የሚጠቅመው ዋናው ምስል በተነሳበት ሙቀት ከተነሳ ነው። ትንሽ ሰርኪዩትና ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር በቂ ነው፤ እኔም ይህን ነው የለጠፍኩት። ግን ፔልቲየሩን ቶሎ ቶሎ እያበራ እያጠፋ የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ከካሜራዋ ጋር ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ካበላችሁት ምስሉ ላይ አግድም መስመሮች ያመጣል። ለየብቻ አብሏቸው።

እህቴ፣ የመጨረሻው ስንት ነው? ከዜሮ በታች 6! አመሰግናለሁ። መዳቡን እዩት፣ ነጭ ጺም አብቅሏል። ከ22 ተነስተን 28 ዲግሪ ወረድን።

አንድ ነገር ላሳያችሁና ለጥያቄ እንሂድ። በሕያው ካሜራ ላይ ይሄን እንዳታደርጉ፤ ቁልፉን ቀስ በቀስ ነው የሚመልሱት፣ ፋኑም ሳይጠፋ። አሁን ግን ሁለቱንም ባንዴ አጠፋለሁ። ይኸው። ቁጥሩን አንብቢልን። ዜሮ... 9... አመዳዩ እየቀለጠ ነው፣ አያችሁ... 18... 22። ክፍሉ 22 ነው፣ እዚህ መቆም ነበረበት አይደል? ቀጥይ። 25... 29። ሂት ሲንኩን ንኩት፣ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፤ ያወጣነው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር።

እሺ፣ ጥያቄ ያለው? ደረቅ ጨርቅ ያለውም ቢኖር ያቀብለኝ፣ ጠረጴዛው ረጠበ።